የሞተር እስትንፋስ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ የተነሡትን ፎቶግራፎች በጥሞና የተመለከተ ሰው፣ ከመኪኖቹ ውበትና ከመንገዱ ስፋት ሌላ አንድ ነገር ዓይኑን ሳይዘው አይቀርም፤ ይኸውም በእያንዳንዱ የመኪና መሄጃ መካከል፣ በግራና በቀኝ ጎማዎች ዱካ መሐል፣ ዓይን እስኪያጣው ድረስ የተዘረጋው ጥቁር መሥመር ነው። ይህን መሥመር የመንገድ ሠራተኛ በቀለም አልቀባውም፤ ለቍጥር የሚያታክቱ መኪኖች በዚያ ባለፉ ቍጥር፣ ከሆዳቸው በታች በተንጠለጠለች አንዲት የብረት ቱቦ በኩል ዘይት ያዘለ ጢስ እየተነፈሱ፣ ጠብታ በጠብታ ላይ እየደረቡ የጻፉት ነው እንጂ። ዝናብ ሲጀምር ያ መሥመር እንደ ቅባት ያንሸራትት ስለ ነበር ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ይሸሹት ነበር።

ስለ መኪና ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዕራቸውን የሚያተጉት ለፍጥነት፣ ለቅርጽና ለውድድር ነው፤ ስለ ማስተንፈሻ ቱቦ ማን ይጽፋል? እኔ ግን የዚህች ቱቦና እርሷን የተካችው የትንሿ ቫልቭ ታሪክ፣ ዋንጫ ከተሸለሙት መኪኖች ታሪክ ይልቅ የሰውን ጠባይ ይገልጻል ብዬ ስለማምን፣ አንባቢ ጥቂት ታግሦ እንዲከተለኝ እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሞተር በመጀመሪያ ዘመኑ ማስተንፈሻ አላስፈለገውም ነበር። ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 የሠራው ባለ አራት ምት ሞተር፣ ካርል ቤንዝም በ1886 በስሙ ያስመዘገበው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ፣ ክራንካቸው፣ ማለትም ፒስቶኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ ዕርቃኑን በአየር ላይ የሚሽከረከር ስለ ነበረ፣ ከሲሊንደሩ ሾልኮ የሚወጣው ጢስ ሁሉ ያለ ከልካይ ይበተን ነበር። ነገር ግን ጎትሊብ ዳይምለርና ባልደረባው ቪልሄልም ማይባኅ በ1885 የሠሩት፣ በመልኩ የቆመ ትልቅ ሰዓት ስለሚመስል በዚያው ስም የተጠራው ሞተር፣ ክራንኩንና ዘይቱን በአንድ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ አኖረ። ይህ አሠራር ከአቧራ የሚጠብቅ፣ ዘይትንም የሚቈጥብ በመሆኑ ውሎ አድሮ የሞተር ሁሉ ሥርዓት ሆነ፤ መሐንዲሶች ክራንክኬዝ የሚሉት፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ የሞተሩ ሆድ ብለን የምንጠራው ይህ ሳጥን ነው። ሆድ የተዘጋ ዕለት ደግሞ የመተንፈስ ችግር አብሮት ተወለደ።

ምክንያቱን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያሻም። ፒስቶን በሲሊንደር ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ በዙሪያው የሚታተሙት፣ በጋራዦቻችን ቋንቋ ፋሻ የሚባሉት የብረት ቀለበቶች፣ ከላይ ያለውን እሳትና ግፊት ከታች ካለው ዘይት የሚለዩ መጋረጃዎች ናቸው። መጋረጃው ግን ፍጹም አይደለም፤ ብረት ሲሞቅ ስለሚሰፋ፣ ቀለበቱ እንዳይነክስ ጫፍና ጫፉ ሳይገናኝ ጥቂት ክፍተት ሊተውለት ግድ ነው፤ በዚያ ክፍተትና በቀለበቱ ጐን በኩል፣ ፒስቶኑ ባመቀ ቍጥር፣ እሳቱም በተነሣ ቍጥር፣ ጥቂት ጋዝ ወደ ሆድ ይሾልካል። ይህ የሚሆነው ባረጀ ሞተር ብቻ አይደለም፤ ትናንት ከፋብሪካ በወጣው ላይም ይሆናል፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። አሮጌ መካኒኮች ይህን መጠን ለማወቅ መሣሪያ አይሹም፤ ሞተሩ በርጋታ ሲሠራ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን አንሥተው መዳፋቸውን በአፉ ላይ ያኖራሉ፤ ትንፋሹ መዳፋቸውን ከገፋው፣ ጢሱም በምት ልክ ቡልቅ ቡልቅ ካለ፣ «ይህ ይተነፍሳል፤ ሞተር መውረዱ ነው» ብለው ይፈርዳሉ፤ ፍርዳቸውም ብዙ ጊዜ አይሳሳትም።

በዚህ ትንፋሽ ውስጥ ያለው ምንድር ነው? አብዛኛው ገና ያልተቃጠለ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ነው፤ የቀረው የቃጠሎ ጢስና እንፋሎት ነው። ስለ እንፋሎቱ አንድ ቃል መናገር ይገባል፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም እንጂ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወልዳል። የሚበዛው በጢስ ማውጫው ይወጣል፤ ወደ ሆድ የሾለከው ግን ሞተሩ ገና ካልሞቀ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድና ከዘይቱ ጋር ይታሻል፤ በክዳኑ ሥር እንደ እርጎ የረጋ ነጣ ያለ ነገር የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ያ እርጎ ከጥላሸት ጋር ሲደባለቅ ጥቁር አተላ ይሆንና የዘይቱን መተላለፊያ ይደፍናል፤ በቤንዚኑ ውስጥ ያለው ድኝም ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ብረት የሚበላ አሲድ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ መውጫ ያጣ ግፊት ጓርኒሲዮን በሚባለው የመጋጠሚያ ማሸጊያና በክራንኩ ጫፍ በኩል ዘይቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ሞተር ካልተነፈሰ ይታመማል።

የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ያገኙት መድኃኒት ቀላልና ርካሽ ነበር። ከሞተሩ ሆድ አንዲት ቱቦ አውጥተው ወደ ታች፣ ወደ መንገዱ ዘረጓት፤ ጫፏን ወደ ኋላ አግድም ቈረጡት፤ መኪናው ሲሮጥ በሥሩ የሚያልፈው ነፋስ በቱቦዋ ጫፍ ላይ መሳብ ይፈጥርና ክፉውን አየር ከሆድ ይመጥጠዋል፤ በምትኩም የሽቦ ጭድ በታጨቀበት የዘይት ክዳን በኩል ንጹሕ አየር ይገባል። የሚንቀሳቀስ አንዳች ነገር የላትም፤ አትሰበርም፤ ጥገና አትሻም። ነገር ግን ጕድለቷ በራሷ ባሕርይ ውስጥ የተሠወረ ነበር፤ የምትሠራው መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ ሲሮጥ ብቻ ነበርና። በከተማ ውስጥ እየቆመ እየተነሣ የሚውለው ታክሲ ወይም ዕቃ አዳይ መኪና፣ ማስተንፈሻው ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልገው ሰዓት፣ አፍና አፍንጫው እንደ ተያዘ ሰው ይታፈን ነበር። በመንገድ ላይ ደግሞ፣ መኪናው ሲሮጥና ቱቦዋ በትክክል ስትሠራ፣ ያ ሁሉ ቤንዚን፣ ያ ሁሉ ዘይት፣ ማንም ባለቤቱ ነኝ ሳይለው፣ ወደ አየርና ወደ አስፋልት ይፈስ ነበር። ይህም ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት እንደ ነውር ሳይቈጠር ኖረ። መንገዱ የማንም ነው፤ አየሩም የማንም ነው፤ የማንም የሆነውን ነገር ማቈሸሽ ማንን ያስከስሳል?

ሥርዓቱን መጀመሪያ ያናወጠው ጦርነት ነው። የጦር ተሽከርካሪ ድልድይ እስኪሠራለት አይጠብቅም፤ ወንዝ ይሻገራል፤ ከመርከብም ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። ወደ ምድር የተንጠለጠለች ክፍት ቱቦ ግን ውሃ ውስጥ ስትገባ ውሃውን ወደ ሞተሩ ሆድ ታሳልፋለች፤ ዘይትና ውሃ የተደባለቀበት ሞተር ደግሞ በወንዝ መካከል የሚቆም ሞተር ነው፤ በወንዝ መካከል የቆመ ተሽከርካሪም ለጠላት የተሰጠ ዒላማ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ጦር የታንክና የመኪና ሞተሮች ላይ ቱቦዋን ወደ ውጭ መዘርጋት ቀርቶ፣ የሆዱን ጋዝ ወደ ራሱ ወደ ሞተሩ መሳቢያ መልሶ ማቃጠል ተጀመረ፤ በመላው ዓለም የታወቀው የዊሊስ ጂፕም ይህን መመለሻ የሚቈጣጠር ቫልቭ ይዞ ዘመተ።

የቫልቩ ጥበብ ከመጠኑ ይልቃል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ከሲሊንደሮቹ ጋር የሚገናኝበት ማኒፎልድ የሚባለው ቱቦ ሞተሩ ሲሠራ ዘወትር አየር ይስባል፤ ነገር ግን የመሳቡ ኀይል ከሆዱ የሚወጣው ጋዝ መጠን ጋር ይጣላል እንጂ አይስማማም። ሞተሩ በቦታው ቆሞ ሲያንጐራጕር መሳቡ ብርቱ፣ ጋዙ ግን ጥቂት ነው፤ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ጋዙ ይበዛል፣ መሳቡ ይደክማል። ተራ ቀዳዳ ቢበጅለት በመጀመሪያው ጊዜ ከሚገባው በላይ አየር አግብቶ ሞተሩን ያንቀጠቅጠው ነበር። ስለዚህ በአንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ ዘንግና ጥምጥም ሽቦ አኖሩ፤ መሳቡ ሲበረታ ዘንጉ ተስቦ መንገዱን ያጠበዋል፤ ሲደክም ሽቦው ይገፋውና መንገዱ ይሰፋል፤ እሳት ተሳስቶ ወደ ካርቡራተሩ ቢመለስ ደግሞ፣ ዘንጉ ወደ ኋላ ተገፍቶ መንገዱን ፈጽሞ ይዘጋል፤ ነበልባሉ በጋዝ ወደ ተሞላው ሆድ ገብቶ እንዳያፈነዳው ይጠብቃል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዐጻዌ ኆኅት የሚባል፣ መክፈቻና መዝጊያ ጊዜውን ዐውቆ በሩን የሚጠብቅ አገልጋይ አለ፤ ይህች ቫልቭ የሞተር ዐጻዌ ኆኅት ናት ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

እንግዲህ መድኃኒቱ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ታውቆ፣ ተፈትኖ፣ በብዙ ሺህ ተሽከርካሪዎች ላይ ተተክሎ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን በአብዛኞቹ የሲቪል መኪኖች ላይ ያችው ክፍት ቱቦ መንገሥዋን ቀጠለች። ሞተሩ ራሱ በውሃ ሲጐዳ መፍትሔው ወዲያው ተገኘ፤ የሚጐዳው የሰው ሳንባ በሆነ ጊዜ ግን ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ወሰደ። ከዚህ በኋላ የምተርከው በዚያ መካከል የሆነውን ነው።

በሐምሌ ወር 1943 ሎስ አንጀለስ ድንገት በሚያቃጥል ጉም ተሸፈነች። ከሦስት የሕንፃ ረድፍ በላይ ማየት እስኪያቅት ድረስ ቀኑ ደበዘዘ፤ የሰው ዓይን ዕንባ አፈሰሰ፤ ጕሮሮ ተቃጠለ። ጦርነት ነበርና ጠላት መርዝ ረጨብን ብለው የጠረጠሩም ነበሩ። ቀጥሎ ጥርጣሬው ለሰው ሠራሽ ጎማ የሚሆን ንጥረ ነገር በሚያመርት አንድ ፋብሪካ ላይ ወደቀ፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ግን ጉሙ አልቀረም። ከተማይቱ በተራሮች የተከበበች ናት፤ በላይዋ የሞቀ አየር እንደ ክዳን ይደፋባትና ከታች የተነፈሰው ሁሉ መውጫ ያጣል፤ የሞተርን ሆድ ላስተዋለ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1947 የአውራጃው አስተዳደር የአየር ብክለት መቈጣጠሪያ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ የፋብሪካ ጢስ ተከለከለ፤ ኋላም በ1957 ሕዝቡ በየጓሮው ቈሻሻ የሚያቃጥልበት ምድጃ ሁሉ እንዲቀር ታዘዘ። ጉሙ ግን በየዓመቱ ይመለስ ነበር።

ምሥጢሩን የፈታው የአናናስን መዓዛ ያጠና የነበረ ሰው ነው። አሪ ሃገን-ስሚት የሚባለው ሆላንዳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ከአናናስ የሚነሣውን ሽታ በብርድ አጥምዶ ምንነቱን ይመረምር ነበር፤ ያንኑ ዘዴ በመስኮቱ ውጭ ባለው አየር ላይ እንዲሞክር ተጠየቀና ሞከረ። ያገኘውም የለንደንን ጭስ የመሰለ የከሰል ልጅ አልነበረም፤ ያልተቃጠለ የቤንዚን ተን ከናይትሮጂን ኦክሳይድ ጋር በፀሐይ ብርሃን ሲገናኝ ኦዞን የሚባል ጋዝ እንደሚወለድ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አስረዳ። የጐበጠ የጎማ ቅዳጅ በዚያ አየር ውስጥ ሲቀመጥ ፈጥኖ ይሰነጣጠቅ ስለ ነበር፣ የኦዞኑን መጠን ለመለካት ጎማ እንደ ምስክር ቀረበ። በነዳጅ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚሠሩ አጥኚዎች ተቃወሙት፤ ሊቁም በዚህ ተቈጥቶ አናናሱን ትቶ ምርምሩን በዚሁ ጉም ላይ አደረገ። ንቀት አንዳንድ ጊዜ ለዕውቀት የሚያደርገው ውለታ አለ።

የቤንዚን ተን ምንጩ መኪና ከሆነ፣ ጥያቄው የመኪና ኩባንያዎች መቀመጫ ወደ ሆነችው ወደ ዲትሮይት መሄዱ አይቀሬ ነበር። ኬነት ሃን የሚባለው የሎስ አንጀለስ አውራጃ ሹም ከ1953 ጀምሮ ለመኪና ኩባንያዎች መሪዎች ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር፤ ከፎርድ የመጣለት መልስ ከመኪና የሚወጣው ተን በከባቢው አየር ውስጥ ፈጥኖ ስለሚበተን የብክለት ችግር አያስከትልም የሚል ነበር። ሃን ግን ብዕሩን አላስቀመጠም፤ ለብዙ ዓመታት እየደጋገመ ጻፈ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው ዓይኑን የተከለው በጢስ ማውጫው ላይ ነበር፤ ጢስ የሚታየው በዚያ ነውና። ከሞተሩ ሆድ የምትወጣውን ቱቦ ከቁም ነገር የቈጠራት አልነበረም። በ1959 መጨረሻ የኩባንያዎቹ ተመራማሪዎች ራሳቸው ለክተው ሲያዩ፣ ከመኪና ከሚወጣው ሃይድሮካርቦን ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው የሚወጣው ከዚያች ከተናቀች ቱቦ መሆኑን ገለጡ። ይህን አራተኛ እጅ ለማስቀረት አዲስ ነገር መፍጠር አላስፈለገም፤ ጂፕ ላይ የነበረችውን ቫልቭ ማስታወስ ብቻ ይበቃ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ኩባንያዎቹ በ1961 ሞዴል በካሊፎርኒያ የሚሸጡትን መኪኖች በቫልቩ አስታጠቁ፤ ግዛቲቱ በዚያው ዓመት ደንብ አውጥታ ከ1963 ጀምሮ ግዴታ አደረገችው፤ በአሜሪካ ምድር የመኪናን ብክለት ለመግታት በሕግ የታዘዘ የመጀመሪያው መሣሪያ ይህ ነው። በ1963 ሞዴል ላይ ለመላው አገር ተዳረሰ። የመጀመሪያው አሠራር ግን ግማሽ መፍትሔ ነበር፤ ሞተሩ በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ መሳቡ ስለሚደክም፣ የተረፈው ጋዝ በዘይቱ ክዳን በኩል ወደ ኋላ ይወጣ ነበር። ይህንም ለመዝጋት ክዳኑን አትመው ንጹሑን አየር ከአየር ማጣሪያው በሌላ ቱቦ አመጡለት፤ እንግዲህ የሚተርፈው ሁሉ መልሶ ወደ ካርቡራተሩ ይገባል። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ደንብ ከሞተር ሆድ ወደ አየር ምንም እንዳይወጣ አዘዘ።

ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው ማለት ግን አይቻልም። ቫልቩ ራሱ በአተላ ይደፈናል፤ ያላጠበው ባለ መኪና ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቫልቩን ይረግማል፤ አንዳንዱም ቱቦውን ነቅሎ አፉን በቡሽ ይደፍነውና መፍትሔ ያገኘ ይመስለዋል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዘይቱ በየስፌቱ ሲያለቅስ ደግሞ ጓርኒሲዮን ሻጩን ይወቅሳል። በውነቱ የቫልቩ ዋና ተጠቃሚ ሞተሩ ነበር፤ መኪናው በቆመበት ጊዜ እንኳ ሆዱ ስለሚጸዳ ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ ይቈያል፤ ያ የታክሲዎች መቅሠፍት የነበረው አተላም እጅግ ቀነሰ። ከዚህ የተነሣ ሠሪዎቹ ለገዛ ሞተራቸው የሚጠቅመውን ነገር ለምን ያን ያህል ዘመን አዘገዩት የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

ጥያቄው ፍርድ ቤት ደርሷል። በጥር 1969 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ታላላቆቹን የመኪና ኩባንያዎችና ማኅበራቸውን ከሰሰ፤ የክሱም ፍሬ ነገር፣ ብክለትን የሚቀንሱ መሣሪያዎችን ለመሥራት እንዳይሽቀዳደሙ፣ አንዱም ከሌላው ቀድሞ እንዳይተክል ከ1950ዎቹ ጀምረው ተስማምተዋል፣ ይህንኑ የሆድ ቫልቭ በመላው አገር መትከሉንም አዘግይተዋል የሚል ነበር። ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት ተዘጋ፤ ኩባንያዎቹ ወደ ፊት እንዲህ እንዳያደርጉ፣ በመስኩ ያላቸውንም የፈጠራ መብት ለሚጠይቅ ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ተስማሙ፤ በደልን ግን አላመኑም። በኛ ዘንድ ንስሐ የሚጀመረው በኑዛዜ ነው፤ ይህ ግን ኑዛዜ የሌለው ንስሐ ነበርና የተከሰሱበት ነገር እውነትነት በችሎት ሳይመረመር ቀረ። እኔ የምፈርደው በወረቀቱ ሳይሆን በዘመን ቈጠራው ነው፤ ጂፑ ቫልቩን ይዞ ከዘመተበት ዘመን አንሥቶ ቫልቩ በየቤተሰቡ መኪና ላይ እስኪተከል ያለፉት ሃያ የሚጠጉ ዓመታት በዕውቀት እጦት አያመካኙም።

አውሮፓ በራሷ እርምጃ ተከተለች። እንግሊዞች በኤም ጂ ቢ ስፖርት መኪና ማኒፎልድ ላይ ከ1964 ገደማ ጀምሮ እንጉዳይ የመሰለ ቫልቭ ተከሉ፤ ኋላም እርሱን አንሥተው ትንፋሹን በቀጥታ ወደ ካርቡራተሩ አገቡት። በአዲስ አበባ ጐዳናዎች ለብዙ ዘመን ሲርመሰመስ የኖረው ቮልስዋገን ታሪኩ ከሁሉ ይቀላል፤ ቀደም ባሉት ሞዴሎች ከዘይት መጨመሪያው አጠገብ የምትወርደው ቱቦ በሞተሩ ሥር ወደ መሬት ትተነፍስ ነበር፤ ቈይቶ ግን አንዲት ተጨማሪ ቱቦ ትንፋሹን ወደ አየር ማጣሪያው መለሰችው። በታችኛው ጫፍ ላይ ግን የተሰነጠቀች ትንሽ ጎማ ቀረች፤ ሥራዋም በውስጥ የጠለለውን ውሃ ወደ ታች ማንጠባጠብ፣ ከታች የሚመጣውን አቧራ ደግሞ መከልከል ነው።

ስለዚህ አሮጌ ቮልስ ያለህ አንባቢ ሆይ፣ መኪናህን ስታሳጥብ ጐንበስ ብለህ ያችን ጎማ ተመልከት፤ በጭቃ ተደፍና እንደ ሆነ በቀጭን ሽቦ አጽዳት፤ ወድቃ ጠፍታ እንደ ሆነም በምትኳ ሌላ አግባ እንጂ ቱቦዋን በጨርቅ አትድፈናት።